ጥጋብ አይደለም፣ ሕመም ነው

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ምግብ ነው። ስለ ምግብ እጦት ግን አይደለም። እሱንማ አገራችን በሚገባ ታውቀዋለች። የዛሬው ጉዳያችን እንጀራው በመሶብ ሞልቶ ሳለ «አልበላም» የሚል ወጣት ነው።

እስቲ አንዲት ልጅ በሐሳባችሁ ሳሉ። ዕድሜዋ 15 ነው። ምግብ ሲቀርብ «ውጭ በልቻለሁ» ትላለች። በማግሥቱ «ሆዴን አሞኛል» ትላለች። ለሰው ወጥ ትሠራለች፣ ታጎርሳለችም፤ እሷ ግን አትቀምስም። አጥንቷ እየታየ እንኳ በመስተዋት ፊት ቆማ «ወፍሬአለሁ» ትላለች። ጎረቤት «ሸንቃጣ ሆነሻል» እያለ ያሞግሳታል። እናት ግን ትቆጣለች። «ይኼ ጥጋብ ነው! የሚበላው ያጣ ስንት ሰው አለ!» ትላለች።

እናቶችና አባቶች፣ ይህ ጥጋብ አይደለም። ሕመም ነው። ሐኪሞች አኖሬክሲያ ይሉታል። የሚነሣው ከአእምሮ ነው፤ የሚጎዳው ግን መላ አካልን ነው።

ሌላም ዓይነት አለ። ቡሊሚያ ይባላል። በዚህ የተያዘ ሰው ተደብቆ ብዙ ይበላል። ከዚያም እንዳይወፍር ፈርቶ የበላውን ሆን ብሎ ያስመልሳል። ላይከሳ ስለሚችል ሕመሙ ቶሎ አይታወቅበትም። እነዚህ ሕመሞች በሴቶች ላይ ይበዛሉ፤ ወንዶችንም አይምሩም።

ሰውነት ምግብ ሲያጣ ምን ይሆናል? ያጠራቀመውን ስብ ይጨርሳል። የገዛ ጡንቻውንም ይበላል። ልብም ጡንቻ ነውና ይደክማል። የወር አበባ ይቀራል። አጥንት ይሳሳል፤ ፀጉር ይረግፋል። ልጅቱን በፀሐይ እንኳ ይበርዳታል። ደጋግሞ የሚያስመልስ ሰው ደግሞ ጥርሱ ይበላሻል። በደሙ ያለው ጨው ስለሚዛባ ልቡ በድንገት ሊቆም ይችላል።

በአሜሪካ ካረን ካርፔንተር የምትባል ስመ ጥር ዘፋኝ ነበረች። ገንዘብ አልቸገራትም፤ ምግብም አልጠፋባትም። ለዓመታት በአኖሬክሲያ ስትሠቃይ ኖራ፣ በ1975 ዓ.ም. ማለትም በፈረንጆች 1983፣ ልቧ ደክሞ ሞተች። ገና 32 ዓመቷ ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ቁጣውን እንተው። ቁጣ ልጅቱን ይበልጥ መደበቅ ያስተምራታል። «ከሳሽ፣ ወፈርሽ» ማለትንም እንተው። ለብቻዋ ጠርታችሁ «ልጄ፣ ምን አስጨነቀሽ?» በሏት። ከዚያ ዝም ብላችሁ አድምጡ።

ሁለተኛ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ያያችሁትን ሁሉ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ። ራሷን ከሳተች ወይም ልቧ ካስቸገራት አንድ ቀን አትደሩ።

ሦስተኛ፣ አብራችሁ ብሉ። ለዚህ ሕመም ምግብ ራሱ መድኃኒት ነው። እጅግ የከሳች ከሆነ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ አታብሏት። ሲራብ የቆየ ሰው ድንገት ጠግቦ ሲበላ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መጠኑን ሐኪም ይወስን። ጾምን ምክንያት ካደረገች ከሃይማኖት አባቷ ጋር ተማከሩ። የታመመ ሰው ከጾም እንደሚፈቀድለት ይነግሯታል።

መዳን ይቻላል። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል እንጂ ብዙዎች ድነዋል። ቶሎ የታከመ ቶሎ የመዳን ዕድል አለው።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። ይህን ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ «አልበላም ላለ ልጅ ከቁጣ ይልቅ ሐኪም ያስፈልገዋል።» ጽፋችሁ ስትጨርሱ ቤት ላለ ሰው አንብቡለት። ምናልባት የሚሰማችሁ ልጅ ያ የሚጨነቀው ልጅ ይሆናል።

በሌላ ንግግር እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።