ለየቲሞች የሚሠራ የስልክ መተግበሪያ ከማን ስልክ ይጀመር?

(በሐዋሳ ለለጋሾችና ለአሳዳጊ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የምናገርበት ርዕስ ብዙዎቻችን የወጣቶች ጉዳይ ነው ብለን የምንተወው ነው። ዕውቀቱ ያላቸው ልጆቻችን ለየቲሞች ድጋፍ የሚያገለግል የስልክ መተግበሪያ፣ በተለምዶ «አፕ» የምንለውን፣ እንሥራ ይላሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን አንድ መስመር እንኳ ከመጻፉ በፊት ሥራው ከማን ስልክ እንደሚጀመር መወሰን አለበት። ብዙ ጊዜ ንድፉ የሚጀመረው ከለጋሹ ስልክ ነው፤ ፎቶግራፍ፣ ሪፖርትና የሚያምር ገጽ ይዘጋጅለታል። እኔ ግን ከአሳዳጊዋ ስልክ ይጀመር እላለሁ።

በከተማችን የልጅ ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት አያት እናስብ። በእጇ ያለው ባለ ቁልፍ ቀላል ስልክ ነው። የምትናገረው ሲዳምኛ ነው፤ ጎረቤቷ ወላይትኛ፣ ሌላዋ ደግሞ አማርኛ ትናገራለች። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ እርሷ ግን ሁለቱንም አላነበበችም። ለእንዲህ ያለች እናት በስማርት ስልክ ብቻ የሚከፈት መተግበሪያ ብንሠራ፣ በስሟ የተሠራው ነገር ለእርሷ የተዘጋ በር ይሆናል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ በአገራችን ተሞክሯል። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በመሆን 8028 የተባለውን የገበሬዎች የስልክ መስመር ጀመረ። ገበሬው ያለ ክፍያ ይደውላል፣ ቋንቋውን በቁጥር ይመርጣል፣ ስለ ሰብሉ የተቀዳ ምክር በድምፅ ያዳምጣል። ማንበብም ሆነ ኢንተርኔት አላስፈለገውም። ጥሪዎቹ በሚሊዮኖች ሊቆጠሩ የቻሉት ንድፉ ገበሬው ካለው ስልክ ስለተነሣ ነው።

የገንዘብ መላኪያውም እንዲሁ ነው። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኤም-ፔሳ በቀላል ስልክ ሠርቶ ነው የተስፋፋው፤ እኛም አገር በ2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ደግሞ መተግበሪያውን መጫን ለማይችል ሰው በ*127# ይሠራል። እንግዲህ የየቲሙ ድጋፍ በዚህ መንገድ አያቲቱ ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ሆኖም ሲም ካርዱ በማን ስም እንደወጣና የምሥጢር ቁጥሩን ማን እንደሚያውቀው አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ቁጥሩን የጎረቤት ልጅ ከያዘላት ገንዘቡ በእርሷ እጅ አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የአማና ጉዳይ ነው። በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ የየቲም ገንዘብ ለባለቤቱ ሲሰጥ ምስክር እንዲቆም ታዟል። ከዚህ የምንማረው ለታማኝ ሰውም ቢሆን ምስክር መልካም መሆኑን ነው፤ ልጁን ከበደል፣ ኃላፊውን ከሐሜት ይጠብቃል። መተግበሪያውም ይህን ሥርዓት ሊይዝ ይችላል። ማንኛውም ክፍያ ሁለት ኃላፊዎች በየስልካቸው ሳያጸድቁት አይውጣ። ገንዘቡ ከተላከ በኋላ ለአሳዳጊዋ በቋንቋዋ ይደወልላት፤ ከደረሳት 1ን፣ ካልደረሳት 2ን ትጫን። መልስ ካልተገኘ ስሟ በቤት ጎብኚው ስልክ ላይ ይውጣ፤ ሰው ሄዶ ይጠይቃት። የጎብኚው ስልክ ኔትወርክ ሲጠፋ መረጃውን ይዞ ቆይቶ ሲመለስ የሚልክ ይሁን።

ውድ ለጋሾች፤ እዚህ ላይ ለእናንተ ከበድ ያለ ነገር እናገራለሁ። ገንዘባችሁ የት እንደደረሰ የማወቅ መብት አላችሁ። የልጁን ፊት፣ የእናቱን ሕመም፣ የቤቱን አድራሻ በስልካችሁ ላይ ማየት ግን ከዚህ መብት ውጭ ነው። ዛሬ የ7 ዓመት ልጅ የሆነው የቲም ነገ የ17 ዓመት ወጣት ይሆናል፤ እርዳታ ሲቀበል የተነሣው ፎቶግራፍ በክፍል ጓደኞቹ ስልክ ላይ ሊገኝ ይችላል። ለጋሹ ደረሰኝ ይድረሰው፤ በደረሰኙ ላይ የልጁ መለያ ቁጥር፣ የተከፈለው መጠንና ቀኑ ይጻፍ፤ ይበቃዋል።

መረጃ ከእጅ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ለሙስሊሞች ትምህርት የሚሆን አንድ ክስተት አለ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የታተመ የጋዜጠኞች ምርመራ ሙስሊም ፕሮ የተባለው የሰላት ሰዓትና የቂብላ መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን የመገኛ ቦታ መረጃ ኤክስ-ሞድ ለተባለ መረጃ ነጋዴ እንደሚያስተላልፍ፣ ከዚያም መረጃ ከአሜሪካ ጦር ጋር ለሚሠሩ ተቋራጮች እንደሚሸጥ ዘገበ። የመተግበሪያው ባለቤቶች በቀጥታ ለጦሩ አልሸጥንም ብለው፣ ከነጋዴው ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ማቋረጣቸውን አስታወቁ። የመተግበሪያው ዓላማ ኢባዳን ማገዝ ነበር፤ መልካም ዓላማ ብቻውን መረጃን አይጠብቅም። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲያውለውና እንዲጠብቀው ግዴታ አለበት። ስለዚህ የማያስፈልገን መረጃ አይሰብሰብ፤ ያልተሰበሰበ መረጃ አይሰረቅም።

ለወጣቶቻችን ደግሞ ምክሬ ይህ ነው። መተግበሪያውን ከመሥራታችሁ በፊት ሥርዓቱን ለአንድ ወር በደብተርና በስልክ ጥሪ ብቻ ሞክሩት። አምስት አሳዳጊዎች ዘንድ ሂዱና ስልካቸውን ሲጠቀሙ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ተመርቃችሁ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄዱ ሥራውን ማን እንደሚረከብ፣ የመልእክቱንና የጥሪውን ወጪ ማን እንደሚከፍል ከወዲሁ ይጻፍ። ባለቤት ያጣ መተግበሪያ ልጆቹን ዳግም እንዲጠብቁ ያደርጋቸዋል።

በመጨረሻም፣ ስልኩ የቤት ጉብኝትን አይተካም። ልጁ ለምን ከትምህርት ቤት እንደቀረ፣ ለምን ዝምተኛ እንደሆነ መልእክት አይነግረንም፤ በራፉን አንኳኩቶ የሚገባ ሰው ነው የሚያውቀው። መተግበሪያው የወረቀቱን ሥራ ቢያቀልልን፣ የተረፈውን ሰዓት ለዚያ በራፍ እናውለው።

አላህ ሥራችንን ለእርሱ ብቻ የጠራ ያድርግልን፤ የየቲሞችን ሐቅ ከሚጠብቁትም ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።