ከርከዴና የደም ግፊት
(በጤና ጣቢያው ዳስ ለተሰበሰቡ ስደተኞች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነጋግራችሁ ሁላችሁም ስለምታውቁት ነገር ነው። ገዳሪፍ ገበያ የወረደ ሰው ደረቁን ቀይ ከርከዴ ሳያይ አይመለስም። በሱዳን በብዛት የሚመረተው በምዕራብ በኩል፣ በኮርዶፋንና በዳርፉር ነው። አበባ እንለዋለን እንጂ የምንዘፈዝፈው አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረውን ቀይ ልባስ ነው።

ይህን ንግግር ያስነሣን የግፊት ኪኒናቸውን የተዉ ሰዎች ማጋጠማቸው ነው። አንዲት እናት «ከርከዴ እየጠጣሁ ነው፤ ራሴንም አያመኝ፤ ለምን እውጣለሁ?» አሉን። ስንለካቸው የላይኛው ቁጥር 190 ሆኖ ተገኘ። በስንፍና የተዉት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ መድኃኒት እንደ ልብ አልተገኘም፤ ሰው ደግሞ በእጁ ያለውን ይሞክራል። እኛም በቦታቸው ብንሆን ይህንኑ ባደረግን ነበር።

ነገሩ ባዶ ወሬም አይደለም። ለከርከዴ ቀይ ቀለሙን የሚሰጡት አንቶሲያኒን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። እነዚህ አንቲኦክሲዳንት ከሚባሉት ወገን ሲሆኑ፣ ብረት አየር አግኝቶ እንደሚዝግ ሁሉ በሰውነታችን ውስጥ የሚደርሰውን መበላሸት የሚገቱ ናቸው። ከርከዴ የደም ሥር እንዲላላና ሽንት በመጠኑ እንዲበዛ በማድረግ ግፊትን እንደሚቀንስ ይታሰባል።

በአሜሪካ ቦስተን በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ ግፊታቸው ከፍ ማለት የጀመረ ነገር ግን መድኃኒት የማይወስዱ 65 ሰዎች ተካፍለው ነበር። ለስድስት ሳምንት በቀን ሦስት ጊዜ ከርከዴ የጠጡት የላይኛው ቁጥራቸው በአማካይ 7 ያህል ወረደ፤ ተመሳሳይ መጠጥ ያለ ከርከዴ የተሰጣቸው ግን 1 ያህል ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2015 አምስት ጥናቶች፣ በድምሩ 390 ሰዎች፣ አንድ ላይ ሲታዩም የላይኛው 7.6፣ የታችኛው 3.5 ያህል መውረዱ ታየ።

እንግዲህ ከ190 ላይ 7 ቀንሱ። 183 ይቀራል። በ183 ደግሞ የአንጎል ደም ሥር ሊፈነዳ፣ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፤ ያውም ራስ ምታት እንኳ ሳይሰማ። 138 ለሆነ ሰው 7 ቁጥር ብዙ ነው፤ ለእኚያ እናት ግን አይበቃም።

ስለ ደም ቅባትም ይጠይቁናል። ኮሌስትሮል ወደ ደም ሥር ግድግዳ ገብቶ ሲበላሽ ይጋገርና መንገዱን ያጠብባል። በቤተ ሙከራ አንቶሲያኒን ይህን መበላሸት ሲያዘገይ ታይቷል። በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን አልተስማሙም፤ በአንዳንዶቹ ቅባቱ ቀንሷል፣ በሌሎቹ ለውጥ የለም። ስለዚህ ለኮሌስትሮል ብሎ ገንዘቡን በከርከዴ የሚጨርስ ሰው ባይኖር እንመርጣለን።

ታዲያ አትጠጡ ማለታችን ነው? አይደለም። እኛም እንጠጣለን፤ በተለይ ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ተዘፍዝፎ ያደረውን። ስኳሩን ግን ቀንሱ። በዚህ አገር ልማድ በአንድ ብርጭቆ አራት አምስት ማንኪያ ይገባበታል፤ እንዲያ ከሆነ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሣት ነው። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ጨርሶ ያለ ስኳር ይጠጣ። ነፍሰ ጡሮች ባይወስዱት ይመረጣል። የሚያሸና የግፊት ኪኒን የምትወስዱ ደግሞ ከርከዴ እንደምትጠጡ ንገሩን፤ ሁለቱ ተደማምረው ግፊቱን ከልክ በታች ሊያወርዱት ይችላሉ። ስትነሡ ዓይናችሁ ከጨለመ ቁጭ በሉና ሰው ላኩብን።

ኪኒኑ ሊያልቅበት አንድ ሳምንት የቀረው ሰው እስኪያልቅ አይጠብቅ፤ ካርዱንና የቀረውን ይዞ ይምጣ። የተለመደው ዓይነት ባይኖር ሌላ ይኖር እንደሆነ እናያለን። ጎረቤታችሁ ያሉ፣ መራመድ የከበዳቸው አዛውንቶች ካሉ ቤታቸውን አሳዩን፤ የግፊት መለኪያውን ይዘን እንሄዳለን።