ደም ስለ ሕመም ምን ይመሰክራል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የሳይንስ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



በደስታ ቀን ስለ ሕመም ለመናገር በመነሣታችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ነገር ግን የማሕፀን በር ነቀርሳ (ካንሰር) በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚደርሱት የነቀርሳ ዓይነቶች በብዛት ሁለተኛው ስለ ሆነ፣ እኛ ዝም ብንል መማራችን ምን ይጠቅማል?

በሰውነታችን ውስጥ ኢንዚም የሚባሉ ሥራ አፋጣኞች አሉ። ከነርሱ አንዱ ላክቴት ዴሃይድሮጂኔዝ ይባላል፤ ሥራውም ከስኳር የሚገኘውን ፒሩቬት ወደ ላክቴት መለወጥ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኦቶ ዋርቡርግ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነቀርሳ ሕዋሳት ኦክሲጅን ሳያጡ እንኳ ስኳርን በብዛት ወደ ላክቴት እንደሚለውጡ አሳየ። ሕዋሳት ሲፈርሱ ይህ ኢንዚም ወደ ደም ይፈስሳል። ስለዚህ ዕብጠቱ ሲስፋፋ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ሊል፣ ሕክምናው ሲሠራ ደግሞ ዝቅ ሊል ይችላል። ተመራማሪዎች ከሕክምና በፊትና በኋላ እየለኩ የሚያነጻጽሩትም ስለዚህ ነው።

ታዲያ ይህ ቁጥር ብቻውን ይታመናልን? አይታመንም። ልብ ወይም ጉበት ሲጐዳም ይኸው ኢንዚም ይጨምራል። የተቀዳው ደም በብልቃጡ ውስጥ ክፉኛ ተናውጦ ቀይ ሕዋሳቱ ቢፈርሱ እንኳ፣ ሕመምተኛዋ ሳይብስባት ቁጥሩ ከፍ ይላል። በ1977 (እ.ኤ.አ.) የጃፓን ሊቃውንት ከዚሁ ነቀርሳ ያገኙት ኤስ.ሲ.ሲ. የሚባለው ፕሮቲን ለክትትል ይበልጥ ይጠቅማል፤ ኢንዚም ግን አይደለም፤ በሁሉም ሕመምተኛ ላይም ከፍ አይልም። በአንድ ምስክር ፍርድ እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ሐኪምም የደሙን ቁጥር ከአካል ምርመራና ከራጅ ሥዕል ጋር ያስተያያል።

ከሁሉ በላይ ግን የደም ምልክት ሕመሙ ከገባ በኋላ የሚመጣ ወሬ መሆኑን አንርሳ። ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ1983 (እ.ኤ.አ.) የዚህ ሕመም ዋና መነሻ ከሆኑት ቫይረሶች አንዱን በነቀርሳው ውስጥ አገኘ። ከዚያም ክትባት ተሠራ፤ በአገራችንም ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። የማሕፀን በር ምርመራም ቍስሉ ወደ ነቀርሳ ሳይለወጥ ይደርስበታል።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ እኅቶቻችን እንዲከተቡ እንምከር። እናቶቻችንም ከወር አበባ ውጭ ደም ሲያዩ በእፍረት ሳይደብቁ ወደ ሐኪም እንዲሄዱ እንንገራቸው። ከዚህ አዳራሽ ይዘነው ወደየቤታችን የምንገባው ትምህርት ይህ ይሁን።