የደም ምስክርነትና የጋራ መዝገብ



ከአርጆ ደጋ ወደ ደዴሳ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ከብርድ ወደ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ወባ ወዳለበት ቆላም ይወርዳል። በሸለቆው ውስጥ የአርጆ ደዴሳ የሸንኮራ አገዳ እርሻ በመስኖ ይለማል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ የወባ ትንኝ መራቢያ ውኃ መስኖ በገባበት መሬት ካልገባበት ይልቅ መብዛቱን አሳይተዋል። ቦይ የሚቀይሰው መሐንዲስ ነውና ጉዳዩ ለሐኪም ብቻ የሚተው አይደለም።

ትንኝን ማጥናት ግን የሥራው እኩሌታ ነው። ሌላው እኩሌታ በሕመምተኛው ደም ውስጥ ይገኛል፤ ይኸውም ተሕዋስያኑ ሲገቡ የትኛው ዘረመል እንደሚነቃ፣ የትኛው ፕሮቲን እንደሚጨምር ወይም እንደሚጎድል የሚያስረዳው ነው።

የመዝገብ ጉድለት ምን ያህል እንደሚያሳስት አንድ ምሳሌ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ በጥቂት ፈቃደኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ ዳፊ የተባለው ፕሮቲን የሌላቸው ሰዎች የቫይቫክስን ወባ እንደሚቋቋሙ ገለጸ። አሳቡም ለሠላሳ ዓመታት ያህል እንደ ደንብ ጸና። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2010 ከማዳጋስካር፣ ኋላም ከኢትዮጵያ የወጡ ጥናቶች፣ ፕሮቲኑ የሌላቸውም ሰዎች በዚሁ ወባ እንደሚያዙ አረጋገጡ። ስሕተቱ የመጣው ከመለካት ሳይሆን ብዙ አገር በመዝገቡ ውስጥ ባለመኖሩ ነው።

የዘረመል መረጃን ለሁሉ ክፍት ያደረገው ጄንባንክ እ.ኤ.አ. በ1982 ተቋቁሟል። ከዚያ ወዲህ ፕላዝሞዲቢ የወባን ተሕዋስያን፣ ሆስትዲቢ ደግሞ የታማሚውን አካል ምላሽ እንዲመዘግቡ ተሰናድተዋል። እንዲህ ያለው መዝገብ የሚጸናው ግን በማሽን ብዛት አይደለም። የጉድጓዱ ቦታና ጥልቀት ያልተጻፈበት የአፈር ምርመራ ለመሠረት ሥራ እንደማይረባ ሁሉ፣ የቦታው ከፍታ፣ ወቅቱ፣ ትኩሳቱ የጀመረበት ቀንና የተወሰደው መድኃኒት ያልተጻፈበት የደም ናሙናም ለሌላ ተመራማሪ ዲዳ ነው። የሰጪው ስም ግን ከመዝገቡ ሊወጣ፣ ፈቃዱም አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል።

ስለዚህ መረጃን ማደራጀት የሚያውቅ ማኅበርተኛ ሙያውን ለዚህ ሥራ ያውል፤ ቦይ የሚቀይሰውም የውኃውን ካርታ ለተመራማሪዎች ያቅርብ። በቆላው የሚኖር ገበሬ ጣቱን ለመርፌ ሲሰጥ የሚጠብቀው ልጁ ከወባ እንድትድን ነው። ከደሙ የተገኘው እውቀትም ለቦዩ ቅየሳና ለሚታዘዝለት መድኃኒት እስኪደርስ ድረስ ዕዳው አልተከፈለም።