የጤፍ ዋጋና የመንግሥት ባለቤትነት

የዛሬው ርዕስ የመንግሥት ባለቤትነት ነው። የመንግሥት ባለቤትነት ማለት መሬትን፣ ፋብሪካን ወይም ንግድን መንግሥት በሕዝብ ስም ሲይዝና ሲያዝበት ነው፤ በነፃ ገበያ ግን ሀብቱ በግለሰቦች እጅ ሆኖ ዋጋውን ሻጭና ገዥ ተደራድረው ይቆርጡታል።

ልዩነቱ በመስኖ ቦይ ይመሰላል። ውኃውን በተራ የሚያከፋፍል የውኃ አባት ባለበት ቦይ ተራ ስለሚጠበቅ የግርጌው ማሳ አይረሳም፤ ይሁን እንጂ የውኃ አባቱ የትኛው ማሳ እንደጠማው ካላየ ውኃው ባልተፈለገበት ይፈሳል። የውኃ አባት ከሌለ ደግሞ ገበሬው ማሳውን አይቶ በጊዜው ያጠጣል፤ ሆኖም የራስጌው ሰው ውኃውን ጠልፎ ሊያስቀረው ይችላል።

መንግሥት የጠማውን ማሳ እንደማያይ የውኃ አባት ሲሆን የሚመጣውን ጉዳት የጎጃም ገበሬ በደርግ ዘመን በጤፉ አይቶታል። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቁሞ፣ እንደ ጎጃም ባሉ ትርፍ አምራች አካባቢዎች ለገበሬ ማኅበራት ኮታ እየተመደበ እህሉ ከገበያው ዋጋ በታች በተተመነ ሒሳብ ይሰበሰብ ነበር። ዓላማው ከተሜውንና ሠራዊቱን መቀለብ ነበር። ነገር ግን ምርት ያነሰው ገበሬ ኮታውን ለመሙላት እህል በውድ ገዝቶ በርካሽ እስከማስረከብ ደርሷል፤ ይህም ከባድ በደል ነበር።

የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ። መሬት ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ ገበሬው ጤፉን በነፃ ገበያ ሲሸጥ የበቀለበትን መሬት መሸጥ አይችልም።