የዳይ ደን ጥድ

በጂቡቲ ከተማ፥ በካርቲየ 6 ተወልዶ ያደገ ተማሪ ደንን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ብቻ ይሆናል። ነገር ግን ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፥ በጎዳ ተራሮች ላይ፥ 1500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የዳይ ደን ይገኛል። ዋናው ዛፉም በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትን ከብቦ የሚታየው የሐበሻ ጥድ ነው።

ይህ ጥድ ዛሬ አብዛኛው ደርቋል ወይም በመድረቅ ላይ ይገኛል። ነገሩ የሚጀምረው እጅግ ከታናሽ ስፍራ ነው። ድርቅ ሲበረታ ቅጠሉ ውኃ እንዳያባክን ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ ምግቡን የሚሠራበት አየር የሚገባው ግን በእነዚያው ቀዳዳዎች ነውና ከጥም ሲሸሽ በረኃብ ይያዛል። ቀጥሎ የዛፉ ጫፍ ይደርቃል። ብዙ ዛፍ በተራቆተ ጊዜ ፀሐይ መሬቱን ታገኘዋለች፤ ጉሙን የሚያጠምደው ቅርንጫፍ ይሳሳል፤ ችግኝ ቢበቅልም ከብት ይግጠዋል፤ የቀረውንም የማገዶ ፈላጊ ይቈርጠዋል። እንግዲህ ጥፋቱን ድርቅ ብቻ አመጣው ማለት ለሰው የሚመች ምክንያት ነው።

በዚሁ ደን ጥላ ሥር የሚኖረው የጂቡቲ ቆቅ ከጎዳ እና ከማብላ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም።