ልጁን ለእኔ ስጪኝና ጋደም በዪ

ተመራቂዎች፣ ቡናው መቆላት ስለጀመረ ከሽታው ጋር አልፎካከርም፤ አጠር አደርገዋለሁ።

የተመረቃችሁበትን፣ እዚህ ቶሮንቶ «ረስፒት» የምንለውን ወላጆችን ለጊዜው የማሳረፍ ሥራ፣ አገር ቤት የምትሠራው ጎረቤት ነበረች። «ልጁን ለእኔ ስጪኝና ጋደም በዪ» ትላለች፤ አለቀ። ግን ናፍቆት አያታልለን። ጎረቤት እንዲህ እያለች የምትወስደው በአብዛኛው ጤነኛውን ልጅ ነው። ኦቲዝም ያለበት ወይም መራመድ ያቃተው ልጅ ብዙ ጊዜ ጓዳ ነበር የሚውለው፤ እናቱም አብራው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ኦቲዝም ያለበት የራሳቸው ልጅ ነበራቸው። ችግሩን ከቤታቸው ያውቁት ነበር።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ይህን ነገር ከጥንት ጀምረው አያውቁትም። ኦክስፎርድ ከተማ እህት ፍራንሲስ ዶሚኒካ የተባሉ መነኩሲት ከአንዲት በጠና የታመመች ሕፃን ወላጆች ጋር ተዋውቀው፣ አልፎ አልፎ ልጅቱን እየወሰዱ ያሳርፏቸው ነበር። የልጅቱ ስም ሄለን ነው። በ1982 የተከፈተው ሄለን ሃውስ፣ የዓለም የመጀመሪያው የሕፃናት ሆስፒስ (በጠና ለታመሙ ልጆች የሚሆን ማረፊያ)፣ ከዚያ ውለታ ነው የተወለደው። የእኛው ከተማ ኤሚሊስ ሃውስ ደግሞ በ2013 ከድሮው የዶን እስር ቤት አጠገብ ተከፈተ። ልጁ እዚያ ጥቂት ቀን ሲቆይ ወላጆቹ ይተኛሉ፣ ለሌሎቹ ልጆቻቸውም ጊዜ ያገኛሉ።

እንግዲህ ቤቱ አለ፤ አውራጃው ለቤተሰብ የሚሰጠው «ስፔሻል ሰርቪስስ አት ሆም» የሚባል ገንዘብም አለ። ታዲያ ሌሊት ጽዳት ሠርታ፣ ቀን በሆዱ በገባ ቱቦ የሚመገብ ልጇን የምትጠብቅ የእኛ እናት ለምን አታመለክትም? አንዱ ምክንያት ይሉኝታ ነው። ሁለተኛው ፍርሃት፤ «ደከመኝ ካልኩ ልጄን ይወስዱብኛል» ትላለች። ይህን ፍርሃት አታጣጥሉት። ቶሮንቶ ስታር በ2014 እንዳወጣው፣ በቶሮንቶ የሕፃናት መርጃ ማኅበር እጅ ካሉት ልጆች 41 በመቶ ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ፤ በከተማዋ ውስጥ ግን ጥቁር ልጆች ከመቶ 8 ያህል ብቻ ናቸው። ይህን የሰማች እናት በሯን ብትዘጋ አልፈርድባትም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ስትገቡ ቅጽ አታውጡ። ማን እንደላካችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ፣ ልጁ መቼ እንደሚመለስ በአማርኛ ንገሯት። ከዚያ ቡና ስታፈላ ጠጡ። አክታ መምጠጥ፣ የሚጥል በሽታ ሲነሳበት ልጁን በጎኑ አስተኝቶ ደቂቃ መቁጠር ተምራችኋል፤ እሷ ግን በመጀመሪያው ጉብኝት የምትመዝነው ልጇን በስሙ መጥራታችሁን ነው።

አንዳንዶቻችሁ አሳዳጊ ቤተሰቦችን ታሳርፋላችሁ። እዚያ ጥንቃቄው ይለያል። ከእናቱ ቤት አንዴ የወጣ ልጅ፣ ለቅዳሜና እሑድ ሻንጣ ሲዘጋጅለት እንደገና የተባረረ ይመስለዋል። ሁልጊዜ አንድ ሰው፣ አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ ይሁንለት። የመመለሻውን ቀን ካላንደር ላይ ራሱ ይጻፈው። አሳዳጊዎቹ ሰልችተውት እንዳልሆነም ከእናንተ አፍ ይስማ። ድርጅቶች ክፍት አልጋ በተገኘበት ልጅ ሲያዘዋውሩ ዝም የምትሉ ከሆነ፣ ይህ ምስክር ወረቀት በከንቱ ነው የተሰጣችሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልውረድ። የእድር ሰብሳቢዎች እዚህ እንዳላችሁ አይቻለሁ። ሰው ሲሞትብን ድንኳንና ሬሳ ማጓጓዣ ለማዋጣት ማንም አይቀድመንም። በሕይወት ያለች፣ ለዓመታት ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛች እናት ግን ከመዝገባችን ውስጥ የለችም። በወር አንድ ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት ብቻ፣ ከእነዚህ ተመራቂዎች አንዳቸውን ከፍላችሁ ወደ አንድ ቤት ላኩ። በየእድራችሁ እንዲህ ያለ ቤት የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የተመራቂዎቹን ስልክ ሳትቀበሉ ከዚህ አዳራሽ እንዳትወጡ።